«አላውቅም» የሚባል ፕሪም

ፕሪሙ ስሙ «አላውቅም» ነው። ቀልድ አይደለም። በሃንጋሪኛ «ኔምቱዶም» ይሉታል፣ ቀጥታ ትርጉሙ ያው «አላውቅም» ነው። አንድ እንግዳ መጥቶ «ይሄ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ባላገሩ «አላውቅም» አለው። እንግዳው ስሙን ያዘና ሄደ።

የምማረው ደብረጸን ነው። (ስሟን መጀመሪያ ስሰማ ገዳም መስላኝ ነበር።) የሃንጋሪ መንግሥት በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ከመጡት የአገር ቤት ልጆች አንዱ ነኝ። የዛሬ ዓመት መስከረም ላይ አብሮኝ ላብራቶሪ የሚሠራ ልጅ «አያቴ ቅዳሜ ማርማላታ ልትሠራ ነው፣ ጉልበት ያለው ሰው ትፈልጋለች» አለኝ። እኔ ማርማላታ ማለት ከሱቅ በጠርሙስ የሚገዛ ነገር ነው የሚመስለኝ። ጉልበት ምን ያደርጋል ብዬ እየገረመኝ ሄድኩ።

ባቡር የሚቀየረው ማቴሳልካ ላይ ነው። ትንሽ ከተማ ናት፣ ኩራቷ ግን ትልቅ ነው። በዛሬዋ ሃንጋሪ መንገዷን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ያበራች እሷ ናት፣ በ1888። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የሆሊውዱ ቶኒ ከርቲስ አባትም የዚችው ከተማ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ባቡር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። በመስኮት የፖም እርሻ፣ አንገቱን የደፋ ሱፍ፣ በየመብራት ምሰሶው ላይ ባዶ የሽመላ ጎጆ ይታያል። ሽመላዎቹ ወደ አፍሪካ ወርደዋል። እኔ በተገላቢጦሽ።

አውራጃው ሳቦልች-ሳትማር-ቤሬግ ይባላል። የሃንጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነው። ስሎቫኪያን፣ ዩክሬንን፣ ሮማኒያን ያዋስናል። ከሃንጋሪ አውራጃዎች ሦስት አገር የሚያዋስን እሱ ብቻ ነው። ስሙ የረዘመው የሦስት አሮጌ አውራጃዎች ትራፊ ስለሆነ ነው። በ1920 በትሪያኖን ውል ሃንጋሪ ሁለት ሦስተኛ መሬቷን ስታጣ ሳትማርና ቤሬግ ተቆረሱ። ሳትማር የሚለው ስም የመጣበት ከተማ ዛሬ ሳቱ ማሬ ተብሎ ሮማኒያ ውስጥ ነው። የቤሬግ መዲና የነበረው ቤሬግሳስ ዩክሬን ውስጥ ነው። ስሙ እዚህ ቀረ፣ ከተማው ወዲያ ሄደ።

የጓደኛዬ አያት መንደር ፔኒገ አጠገብ ነው፣ የ«አላውቅም» ፕሪም ዋና አገር። ዛፉን ማንም ተክሎ አይንከባከበውም። በወንዞቹ ዳር ከራሱ ሥር እያቆጠቆጠ ይሰፋል። ሃንጋሪዎች ትልቅ ሴትን «ኔኒ» ይላሉ፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ኔኒ ሰማንያ አልፏቸዋል። ሲያዩኝ እጄን ያዙና ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት። «ቀጭን ነው» አሉ ለልጅ ልጃቸው። «ግን ይሞክር።»

ጉልበቱ ለምን እንደተፈለገ ቶሎ ገባኝ። ፕሪሙ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ከዚያ በወንፊት ታሽቶ ልጣጩና ፍሬው ይወጣል። የቀረው ቀጭን ነገር ግቢ ውስጥ በትልቅ ጎላ እሳት ላይ ይጣዳል። ስኳር የሚባል አይገባበትም። ከዚያ ማማሰል ብቻ ነው፣ ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን ሙሉ። እጀታው ሰው የሚያህል የእንጨት ማማሰያ አለ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ለመቆም ነው የረዘመው። ለአፍታ ቆም ካልክ ከሥር ይያዛል፣ ከተያዘ ደግሞ ጎላው በሙሉ ጭስ ጭስ ይላል። አገር ቤት ድግስ ላይ ወጥ የሚያማስሉ ሴቶችን አስታወስኩ። ይቅርታቸውን በልቤ ጠየቅኩ።

እሳት ዳር ሌሊት ሲሆን ሰው ያወራል፣ የትም ያው ነው። ፓሊንካም አለ። ያው የፍራፍሬ አረቄ ነው፣ ካቲካላ ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የወጥ ቤት ሃንጋሪኛ ነው ያለኝ፣ ያላገኘሁትን ጓደኛዬ ይሞላልኛል።

ኔኒ ወንዝ ማዶ ስለሚኖሩ ዘመዶቻቸው ነገሩኝ። የአክስታቸው ባል ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ውስጥ ተወለዱ። ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ተማሩ። ሃንጋሪ ውስጥ አገቡ። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በኅብረት እርሻ ሠሩ። ዩክሬን ውስጥ ተቀበሩ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከመንደራቸው ንቅንቅ አላሉም። አንዴ ብቻ ወጥተዋል፣ እሱም በፈቃዳቸው አልነበረም። በ1944 ኖቬምበር ቀዩ ጦር ከ18 እስከ 50 ዓመት ያሉትን ሃንጋሪና ጀርመን ወንዶች «ለሦስት ቀን ሥራ» ብሎ ጠራ። ብዙዎቹ ወደ ካምፕ ተወስደው በዚያው ቀሩ። እሳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሱ። ኔኒ «ሦስት ቀን» ሲሉ ሦስት ጣታቸውን አወጡ፣ ከዚያ ወደ ጎላው እያዩ «አማስል፣ አማስል» አሉኝ። ቆሜ ነበር።

የኔኒ ባልም ቢሆኑ ቤት የሚገኙት ቅዳሜና እሁድ ነበር። አውራጃው ከድሮም ከአገሪቱ ድሆች አንዱ ነው። በሶሻሊዝም ዘመን ወንዶቹ ሳምንቱን ቡዳፔስት ግንባታና ፋብሪካ ይሠሩና ዓርብ በባቡር ይመለሱ ነበር። ያን ባቡር «ጥቁሩ ባቡር» ይሉታል። መጠጥ፣ ካርታ፣ ጠብ። «ደመወዙ ከሱ ጋር ቤት የሚደርስበት ሳምንት አልነበረም» አሉ ኔኒ፣ ሁለቱ ሳቁ። እኔ ዘግይቼ ሳቅኩ።

የጓደኛዬ አባት ዕድለኛ ነበር፣ ዛሆኚ ሥራ አገኘ። ዛሆኚ የዩክሬን ድንበር ላይ ያለ የባቡር ከተማ ነው። የሃንጋሪ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ የማዶው 1,520። በዚያች 85 ሚሊ ሜትር የተነሳ ከተማው ኖረ። ከሶቪየት የመጣ የብረት ማዕድንና እንጨት ሁሉ እዚያ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይገለበጥ ነበር፣ ወይም ፉርጎው ብድግ ተደርጎ እግሩ ይቀየርለት ነበር። ሶቪየት ሲፈርስ ጭነቱም ቀነሰ።

በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በዚያው ሐዲድ ሰው መጣ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ዛሆኚ ጣቢያ በእናትና በሕፃን ተሞላ። ዩክሬን ይማሩ የነበሩ የአፍሪካና የህንድ ተማሪዎችም በዚያ ወጡ። በቲሳቤችና በቤሬግሹራኚ የድንበር ኬላዎች በእግርና በመኪና የገባውም ብዙ ነው። ኔኒ አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር ሦስት ሳምንት አሳድረዋል። በምን ቋንቋ ታወሩ ነበር አልኳቸው። «ልጆቹ ራባቸው፣ አበላኋቸው» አሉ። መልሱ ይሄው ነው።

ሊነጋ ሲል ማርማላታው ጠቆረ፣ እንደ ቅጥራን። ማማሰያው ለብቻው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ክንዴ እስከ ሐሙስ አልተመለሰልኝም።

እሁድ ጓደኛዬ በመኪና አዞረኝ። ሳትማርቼኬ የሚባል መንደር መቃብር ቦታ ላይ ሐውልት የሚመስለው ሁሉ ከኦክ እንጨት የተጠረበ ነው። ቁጥሩ በመቶዎች፣ ቅርጹ ቀጥ ብሎ የቆመ ታንኳ። ለምን ታንኳ ሆነ ለሚለው እያንዳንዱ ሰው የራሱ መልስ አለው። የሃንጋሪን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው ፌሬንስ ኮልቸይም እዚያው ነው የተቀበረው። ግጥሙን የጨረሰው በዚሁ መንደር ነው፣ በ1823 ጃንዋሪ 22። የእሱ መቃብር ነጭ እብነ በረድ ነው። ለእኔ እንጨቶቹ ይበልጡብኛል።

ቀኑን የሰረቀው ግን የታኮሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። 1766 የተሠራ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ ጭቃ ቤት! ማገሩ ተማግሮ፣ በጭቃና በጭድ ተመርጎ። ወለሉም የተደለደለ አፈር ነው። «ባዶ እግሯ ኖትር ዳም» ይሏታል። ጣሪያው ግን እያንዳንዱ ካሬ ጣውላ በአበባ የተሳለ ነው፣ አንገት እስኪያም ያስቆማል። ጓደኛዬ ግድግዳው እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዳኝ ጀመረ። «ወንድሜ» አልኩት፣ «ጭዱ ስንት ቀን እንደሚቦካ እኔ ልንገርህ።»

እንዲህ ያለ ቤት በየመንደሩ ብዙ ነበር፣ ውኃ በላው። በ1970 ሜይ ሳሞሽ ወንዝ ሞልቶ ናጂጌትስ የሚባል መንደር ሲወድም፣ መንግሥት መልሰው እንዳይሠሩ ከለከለ። ሰው ተበተነ፣ የድሮው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሜዳ ላይ ቀረ። በ2001 ማርች ደግሞ ታርፓ አጠገብ የቲሳ ወንዝ መከላከያ ተደረመሰና የቤሬግ መንደሮች ሰጠሙ። ኔኒ ቲሳን በስሟ አይጠሯትም፣ «እሷ» ነው የሚሏት። «እሷ ዘንድሮ ዝም ብላለች።»

ልሰናበት ስል ስልካቸው ጮኸ። ማዶ ያለችው የአክስታቸው ልጅ ናት። ማታ መልሳ ልትደውል ሰዓት ሊቆርጡ ነው፣ ኔኒም «በእኛ ነው በኪየቭ?» አሉ። ጓደኛዬን አየሁት። የዩክሬን ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ማዶ ያሉት ሃንጋሪዎች ግን እርስ በርስ ሲቀጣጠሩ ዛሬም በቡዳፔስት ሰዓት ነው፣ በኪየቭ የሚሄዱት ቢሮ ሲኖራቸው ነው። ሳቄ መጣ። ኔኒ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁ። እኛም «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» እንደምንባባል፣ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። አሥር ይላል። ኪየቭ አሥራ አንድ ነው።

«አንተ ጋስ አሁን ስንት ነው?»

«አምስት» አልኳቸው።

ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው «እዚህ ያለው ልጅ ደግሞ አምስት ነው ይላል» አሉ። ከወዲያ የመጣው ሳቅ እስከ በሩ ይሰማ ነበር።