የገና ጃኬት፣ የዒድ ጃኬት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ከዘመድ አዝማድ ጋር ጾም የምትፈቱም፣ በሰው አገር ሥራ ውላችሁ ማታ ለብቻችሁ ቡና የምታፈሉም፣ በዓሉ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ።

ከሰሞኑ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከቶሮንቶ ደወለልኝ። እሱ ሙስሊም ነው፤ ገና ሲደርስ ግን ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። ሰላምታችንን ጨርሰን ልንሰነባበት ስንል፣ “አቦ፣ ያ የጃኬቱ ፎቶ አንተ ጋ አለ ወይስ እሱም ሄደ?” አለኝ።

አለ። እናቴ ከሳጥኗ ሥር፣ በነጠላ ጠቅልላ ካስቀመጠቻቸው ወረቀቶች መካከል ነበር ያቆየችው። 16 ዓመቴ ነው። ከኋላዬ በቀለም የተሣለ ፏፏቴ ይወርዳል፤ የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ነው። ሰፊ ባጊ ሱሪ፣ ነጭ ካናቴራ፣ ከላዩ ሰማያዊ የጂንስ ጃኬት ለብሻለሁ። ሱሪው የታላቅ ወንድሜ ነው። ስኒከሩ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ጃኬቱ የዚህ የቶሮንቶው ጓደኛዬ ነው። የራሴ ካናቴራዋ ብቻ ናት። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከፊቴ ይልቅ ልብሶቹ ላይ ይቀራል፤ ባለቤቶቻቸው ሁሉ አብረውኝ የቆሙ ይመስለኛል።

ጉርምስናዬን ያሳለፍኩት ድሬዳዋ ነው፤ ዘመኑ የ1980ዎቹ መጨረሻና የ1990ዎቹ መጀመሪያ። ያኔ ሱሪ ሰፊ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን እንደሚለብሱት እግር ላይ የተጣበቀ ሱሪ ለብሶ የወጣ ልጅ፣ “የታናሽ ወንድምህን ነው እንዴ?” ይባል ነበር። ባጊ ከወገብ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፣ ጫፉ ጫማው ላይ ተጠራቅሞ የመንገዱን አሸዋ እየጠረገ ይሄዳል። በ1990 የፈረንሳዩን የዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን ካየን በኋላ ደግሞ ባለ 9 ቁጥሩ ቢጫ የሮናልዶ ማሊያ ሰፈሩን ሞላው። ብራዚል በፍጻሜው 3 ለ 0 ተሸንፋ እንኳ ማሊያውን ያወለቀ ልጅ አላየሁም። እህቶቻችን ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ አድርገው የከዚራን ጥላማ መንገድ ቀስ እያሉ ይሄዱበታል። ያ ጫማ ያስረዝማል፤ ረጋ ብሎ መሄድንም ያስተምራል። እህቴ ያን ጫማ ካደረገች ጀምሮ አካሄዷ እስከ ዛሬ የተለየ ነው።

ልብሱ የሚመጣልን በባቡር ነበር። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ተራራ ላይ ወዳለችው ሐረር መውጣቱን ትቶ፣ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ሲያርፍ ነው የተቆረቆረችው። በእኛም ዘመን ባቡሩ በደወሌና በአይሻ አድርጎ ሲገባ ነጋዴ ሴቶች ሸቀጣቸውን ተሸክመው፣ አንዳንዶቹም ከፍተሻ ለማትረፍ ሦስትና አራት ልብስ ደራርበው ለብሰው በዚያ ሙቀት ይወርዱ ነበር። ያ ልብስ ታይዋን ገበያ ሲዘረጋ እኛ ተማሪዎች እንደርሳለን። ብዙ ጊዜ ለመግዛት አልነበረም፤ ምን እንደገባ ለማየት ነው። ፋሽን ከአዲስ አበባ ቀድሞ እኛ ጋ ይደርሳል ብለን እንኮራ ነበር። ያ ኩራታችን በእነዚያ ሴቶች ላብ የመጣ መሆኑ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።

መግዛት ያልቻልነውን ልብስ ሰፊያችን ይሠራልናል። በረንዳ ላይ፣ ከእግር ሲንጀሩ ኋላ ተቀምጦ፣ ከአንገቱ ሜትር የማይለየው ሰው ነበር። በአባቴ ዕድሜ ያለ ቢሆንም በድሬ ደንብ “አንተ” ነበር የምለው፤ እዚያ “አንቱ” ማለት ሰውን ማራቅ ይመስላል። የአባቴን ያረጀ ሱሪ ወሰድኩለትና ባጊ አድርግልኝ አልኩት። ገልበጥ አድርጎ አየው። የጎኑን ስፌት ከጉልበቱ በታች ተረተረና ከሌላ ጂንስ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ አስገባበት። ቀለሙ አልገጠመም፣ የገባው ጨርቅ ይበልጥ ይጠቁራል። አዝኜ ለበስኩት። በሳምንቱ የሰፈሬ ልጆች “እንደ እሱ አድርግልን” እያሉ እዚያ በረንዳ ላይ ተሰለፉ። የሰውዬው ጥበብ ይደንቀኛል፤ ፋሽን መጽሔት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ እኛ የምንፈልገውን ግን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል።

ያንን ሱሪ ዕድሜ አላገኘሁበትም። አንድ ሰኞ ከዩኒፎርሙ ጋር አድርጌው ሄድኩ፤ የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር በር ላይ ይዞኝ፣ ሰፊያችን ያስገባውን ጨርቅ በመቀስ ቀደደው። ቤት ደርሼ አለቀስኩ። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ሌላ ሱሪ ተርፎት የሰጠኝ አልነበረም።

ለዚህ ነው በዓል ትልቅ የሆነብን። ዓመቱን በሙሉ ዩኒፎርም ነን፤ ራሳችንን የምንመስለው በበዓል ቀን ብቻ ነው። ገና ደግሞ ሌላ በረከት አለው። ድሬ ውስጥ ጃኬት ደፍሮ የሚለበሰው ንፋሱ ቀዝቀዝ በሚልበት በታኅሣሥና በጥር ነው።

የ1992 ገና ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው፣ ዓርብ ቀን። ረመዳንም ሊያልቅ ነው። ሐሙስ ማታ ጨረቃ ከታየች ዒድ አልፈጥር ከገና ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ ካልታየች ቅዳሜ ይሆናል። ለጓደኛዬ ነጋዴዋ አክስቱ ለዒድ የጂንስ ጃኬት ከጅቡቲ አምጥታለታለች። የወርቅ ቀለም ያላቸው ቁልፎቹ ሲያብረቀርቁ ዛሬም ይታዩኛል። እሱ አንድም ቀን አልለበሰውም፤ የበዓል ልብስ ከበዓሉ በፊት ገላ ከነካው በረከቱ ይሄዳል ትላለች አያቱ። እኔ ለገና የምለብሰው እንደሌለኝ ያውቃል። የመቀሱን ጉዳይም ያውቃል፤ የዚያን ቀን ደብተሬን ይዞልኝ ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው።

“ዛሬ ጨረቃ ካልታየች ነገ አንተ ልበሰው” አለኝ። “ቅዳሜ ከሶላት በፊት ትመልስልኛለህ።”

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ደቻቱ አሸዋ ላይ ወረድን። ክረምት ሲሆን እንደ እብድ የሚሞላው ወንዝ በታኅሣሥ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በወዲህ ከዚራ፣ በወዲያ መጋላ። ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ ቆሟል። ከእኛ ሰፈር የዶሮ ወጥ ሽታ እስከዚያ ድረስ ይመጣል። ጓደኛዬ 29 ቀን ጾሞ ከንፈሩ ደርቋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ጨረቃዋ እንዳትወጣ በልቤ እጸልያለሁ። ለአንድ ጃኬት ብዬ ጾሙ በአንድ ቀን እንዲረዝምበት መመኘቴ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ነግሬው አላውቅም፤ ዛሬ እዚህ ይስማው።

ጨረቃዋ አልታየችም። ረመዳን 30 ሞላ። ማታ ጃኬቱን በፌስታል አድርጎ በራችን ላይ መጣ፣ “ወጥ እንዳይነካው” ብሎ ሰጥቶኝ ሄደ።

ገናን ጃኬቱን ለብሼ ዋልኩ። ፎቶ ቤት ስንሄድ ጓደኛዬ አብሮን መጣ። እሱ ጾመኛ፣ እኛ ጠግበን። ከፎቶ አንሺው ጎን ቆሞ ኮሌታዬን አስተካከለልኝ፤ በፎቶው ላይ ኮሌታዬ ቀጥ ያለው በእሱ እጅ ነው። ከእኔ ቀጥለው ሁለት ሌሎች ልጆች ጃኬቱን እየተቀባበሉ ተነሡበት። ማታ ቤት ሳወልቀው ሁለተኛው ቁልፍ የለም። የመጣንበትን መንገድ በባትሪ ብፈልግ አጣሁት። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም። ከአባቴ ሸሚዝ ላይ አንድ ነጭ ቁልፍ ፈታችና፣ መብራት ሥር ተቀምጣ፣ በበዓል ሌሊት እሱን ሰፋች። ከዚያ አንድ ትልቅ ቁራሽ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ለጓደኛዬ አያት እንድሰጥ።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ ደረስኩ። ጓደኛዬ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይጠብቀኛል። ጃኬቱን ተቀበለኝ። አውራ ጣቱ ነጩ ቁልፍ ላይ አንዴ ቆመ፣ ከዚያ ለበሰውና እስከ ላይ ቆለፈው። አያቱ ግን ዓይኗ ደህና ነበር። ቁልፉንም ዳቦውንም እኔንም አየችና፣ “ገናን ውሎ ነው የመጣው?” አለች። ከዚያ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በሳህን አቀረበችልኝ፤ ሳልጨርስም እንድነሣ አልፈቀደችም። የዚያን ቀን ከሰዓት እሱም እዚያው ፎቶ ቤት፣ እዚያው ፏፏቴ ፊት ዒዱን ተነሣ።

“እሱም ሄደ ወይ?” ያለኝ ለምን እንደሆነ ድሬን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ደቻቱ በሌሊት ሞላ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የእነሱ ቤት ከዳሩ ነበር። ቤተሰቡ ተረፈ፣ ክብር ምስጋና ይግባው። ቤቱ ግን ከነዕቃው፣ ጃኬቱ፣ አልበሙ፣ የዒዱም ፎቶ አብሮ ተወሰደ። ሰው ለሞተበት ጎረቤት እያለቀሱ ስለ ጃኬት ማን ያወራል? ስለዚህ ለብዙ ዓመት ሳናነሣው ቆየን።

ከስልኩ በኋላ ፎቶውን አንሥቼ ላክሁለት። ለረጅም ሰዓት ዝም አለ። በኋላ በድምፅ መለሰ፤ “ቁልፉ እዚህ አልወለቀም እንዴ? እኔ እኮ ያንን ጃኬት የማስታውሰው በነጩ ቁልፍ ነው።”

በዚያ ገና ከእኔ ቀጥላችሁ በጃኬቱ የተነሣችሁ ሁለታችሁ፣ የትም ሁኑ የት፣ ይህን ካነበባችሁ ፎቷችሁ አላችሁ ወይ? ካለ ላኩልኝ፣ ለእሱ አደርስለታለሁ።

ለሁላችሁም መልካም ገና። ለአንተም፣ ወንድሜ፣ ዒድ ሲደርስ ደዋዩ እኔ ነኝ።