በራሪ ነፍሳትን ሁሉ ያርቃል

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጠጅ ሳሩ አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ጠጅ ሳር በተፈጥሮው የሚያደርገውን አደረገ፤ የማያደርገውን ያደርጋል ብዬ በገዛ እጄ፣ በማይለቅ ጥቁር ቀለም፣ በ60 ብልቃጦች ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ከግማሽ ሔክታር በማትበልጥ፣ ሙቀትና ዝናብ በማይለያት ማሳዬ ላይ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ሺፈራው፣ እሬትና ጠጅ ሳር አለማለሁ። የደረቀውን ፈጭቼ፣ የሚነጠረውን አንጥሬ፣ የሚቀባውን ደግሞ ቅባት አድርጌ በማሳዬ በር ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በዘረጋኋት ጠረጴዛ እሸጣለሁ። የዚህ ሥራ ፈተና ዕፅዋቱን ማብቀል እንዳይመስላችሁ፤ በሞቃት አገር አልበቅልም ብሎ ያስቸገረኝ ሣር የለም። ፈተናው ገዢው ነው። የዝንጅብል ዱቄት ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው ስትሉት «ለወገብስ?» ይላችኋል፤ ለወገብ መሆኑን አላውቅም ስትሉት ደግሞ ሆን ብላችሁ የደበቃችሁት ይመስል ፊቱን አጥቁሮ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ በመለያዎቼ ላይ «ያድናል» የሚል ቃል ጽፌ አላውቅም፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ይዛ የመጣችን እናትም ምንም ሳልሸጥላት ወደ ጤና ጣቢያ እሰዳታለሁ። በዚህ ሐቀኝነቴ እኮራ ነበር። ኩራቴ የተሰበረው ትንኝ ላይ ስደርስ ነው።

የትንኝ ቅባት ለመሥራት ያሰብሁት ጠጅ ሳሩ ከልክ በላይ በዝቶ መተላለፊያ ባሳጣኝ ጊዜ ነበር። 40 ኪሎ ግራም ያህል ትኩስ ቅጠል አጨድሁ፤ አንድ ቀን ጥላ ሥር አጠውልጌ፣ ከትፌ፣ በማንጠሪያው በርሜል ጠቅጥቄ በእንፋሎት አነጠርሁት። ይህን ሥራ ያልሞከረ ሰው፣ ያ ሁሉ ሣር ሲነጠር ባልዲ ሙሉ ዘይት የሚወጣው ይመስለዋል። እኔ ያገኘሁት በቀዝቃዛው ቱቦ ጫፍ፣ በሚንጠባጠበው ውኃ ላይ የተንሳፈፈ 120 ግራም የማይሞላ ፈዛዛ ቢጫ ዘይት ነው፤ የቅጠሉን የአንድ በመቶ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ሽታው! የበርሜሉን ክዳን በከፈትሁ ቁጥር ዓይኔ ያነባ ነበር፤ ሸሚዜ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ይል ነበር።

ዘይቱ እንዲሁ አይቀባም፤ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ሲትራል የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን እሱም ቆዳን ያስቆጣል። ስለዚህ በኮኮናት ዘይት አሳሳሁት፤ ከ100 ግራም ቅባት ውስጥ የጠጅ ሳሩ ድርሻ አንድ ግራም ብቻ ነው። የኮኮናት ዘይት ደግሞ 24 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ስለሚቀልጥ በእኛ ሙቀት ቅባትነቱን ረስቶ ውኃ ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቼ በገዢዎች ኪስ ውስጥ ፈስሰው ያስከተሉትን ንግግር እዚህ አልደግመውም። መፍትሔው ሰም ነበር። ሰም እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ይጠነክራል፤ ለአራት እጅ ዘይት አንድ እጅ ሰም ሲጨመርበት ቅባቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰሙን የገዛሁት ንብ ከሚያነቡት ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። ካረጀ የማር እንጀራ የወጣ፣ ጠቆር ያለ፣ የቀፎ ጠረን ገና ያልለቀቀው ሰም ነበር፤ ሽማግሌው «ደጋግመህ አንጥረው» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ጠረኑ ደስ ስላለኝ አንድ ጊዜ ብቻ በጨርቅ አጥልዬ ተጠቀምሁበት።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ያረጀ ቀፎ ጠረን ያለው ሰም፣ በዚያ ላይ ጠጅ ሳር። ንብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ከወዲሁ መሳቅ ጀምሯል። እኔ አላወቅሁም።

መለያውን ስጽፍ ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። የጻፍሁት «በራሪ ነፍሳትን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ያርቃል» የሚል ነበር።

«‹ሁሉ› የምትለዋን አውጣት» አለችኝ። «አንተ የሞከርኸው በትንኝ ነው። ትንኝ በል።»

«ትንኝ ከሸሸ ሌላው ምን ብሎ ይመጣል?»

«‹ሌሊቱን ሙሉ› የምትለውንም አውጣት።»

ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ክንዷን ተቀብታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ 4 ሰዓት ሳይሆን ክንዷን ማከክ ጀመረች። መዓዛማ ዘይት የሚያርቀው እየተነነ ስለሆነ ተንኖ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ ይህ የማንም ሣር ጠባይ ነው፤ እንደገና መቀባት ነው መድኃኒቱ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ «አንቺ ደምሽ ጣፋጭ ስለሆነ ነው» አልኋት። ውዳሴ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ገባች፤ እኔም 60ውን ብልቃጥ ብቻዬን ጻፍሁ።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ። ብልቃጦቹን የማስቀምጥበት፣ በገዛ እጄ የሠራሁት የእንጨት ሣጥን ነበረኝ፤ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ጎኑ ገመድ ላሳልፍበት የበሳሁት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ አለው፤ ገመዱን እስከ ዛሬ አላሰርሁለትም። አንድ ቀን ፀሐይ በርትቶ አንደኛው ብልቃጥ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ቅባቱ ሣጥኑ ውስጥ ፈሰሰ። በጨርቅ ልጠርገው ሞከርሁ፤ በመጥረጌ ያተረፍሁት ግን ቅባቱን በአራቱም ግድግዳ ላይ እኩል ማዳረስ ብቻ ነበር። ከዚያ ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁና ባዶውን ሣጥን ከነክዳኑ ከጎናቸው፣ ዛፉ ሥር ባለ ጉቶ ላይ ተውሁት።

በማግሥቱ ሁለት ንቦች በቀዳዳው ሲገቡና ሲወጡ አየሁ። በሦስተኛው ቀን አሥር ሆኑ፤ ሣጥኑን ከውጭ እየዞሩ ይመረምራሉ፣ ይገባሉ፣ ቆየት ብለው ይወጣሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ፤ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ግድግዳ ሲነካካ አይታችሁ ከሆነ ልክ እንደዚያ። ቃኚዎች መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ቃኚ ንብ ባዶ ቤት ስታገኝ ውስጡን በእግሯ እየተራመደች ትለካዋለች፤ ወደ መንጋው ተመልሳም ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ትናገራለች፤ የንብ ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ይህን የጭፈራ ቋንቋ በመፍታታቸው ጭምር ነው። እኔ ግን የፈታሁት በራሴ መንገድ ነበር። «ተመልከቱ» እል ነበር ለገዢዎች፣ ወደ ሣጥኑ እየጠቆምሁ። «ኬሚካል ቢኖርበት ንብ ይጠጋው ነበር?» ደግሞም ሰው ያምነኝ ነበር። በራሪ ነፍሳትን ሁሉ ያርቃል የሚል ብልቃጥ በእጄ ይዤ፣ በራሪ ነፍሳት መምጣታቸውን ማስረጃ አድርጌ ሳቀርብ አንድም ሰው አልሳቀብኝም፤ እኔም ራሴ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ገዢዎች ጠረጴዛዬን ከበውኛል። ከእነሱ መካከል አንድ የተከበሩ፣ ራሰ መላጣ ሰው ነበሩ፤ ትንኝ ሌሊት ሌሊት ሌላውን የሰውነታቸውን ክፍል ትታ አናታቸውን ብቻ እንደምትመርጥ ነገሩኝ። እኔም ብልቃጥ ከፍቼ በጣታቸው አስወሰድኋቸው፤ እሳቸውም ሳይሰስቱ አናታቸውን ከግንባር እስከ ማጅራት ቀቡት፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አናታቸው እንደ ተወለወለ መስተዋት አበራ።

«ከእንግዲህ ዝንብ እንኳ አያርፍብዎትም» አልኋቸው።

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነበር። ሩቅ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ዳገት የሚወጣ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ግን ድምፁ ከመንገዱ ሳይሆን ከሰማይ መሆኑን አወቅሁ። ቀና ስል ከሺፈራው ዛፎቼ አናት በላይ ቡናማ ጭስ የመሰለ ነገር እየተሽከረከረ ወደ እኛ ይመጣል። አንዲት ሴት «ንብ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ገዢ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ያየሁት ጀርባ ብቻ ነው። እኔም ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ ሰውየው ግን አልሮጡም። ወይ ደንግጠው ደርቀዋል፣ ወይ ደግሞ ቃሌን አምነዋል፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ብቻ አንድ ንብ አናታቸው ላይ ዱብ ስትል፣ ቀጥላ ሁለተኛዋ፣ ቀጥላ አምስተኛዋ ስትመጣ፣ ዓይናቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በቀስታ፣ «ልጄ፣ ይህ በሁሉ ውስጥ አይገባም?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። እሳቸውም ራሳቸውን እንደ እንቁላል ቅርጫት ሳያንቀሳቅሱ፣ በቀስታ በቀስታ እየተራመዱ ወደ ኋላ ራቁ፤ ንቦቹም ከሣጥኑ የተሻለ ቤት እንዳልሆኑ ተረድተው ተዋቸው። ማንም አልተነደፈም። ቤት ፍለጋ የወጣ መንጋ የሚጠብቀው ማርም ሆነ እጭ የለውም፤ ለመንገዱም ሆዱን በማር ሞልቶ ስለሚወጣ የመጣላት ፍላጎት የለውም፤ ይህን ግን ጠረጴዛ ሥር ላለ ሰው ማን ይንገረው?

ከዚያች ጉድጓዴ ሆኜ ያየሁትን ግን አልረሳውም። ሣጥኑ ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ንቦቹ በሺህ እየሆኑ ክዳኑ ላይ ያርፋሉ፤ በቀዳዳው እንደ ወፍራም ሽሮፕ እየተጋፉ ይገባሉ፤ በአፉ ዙሪያ ደግሞ ጥቂቶቹ ፊታቸውን ወደ ቀዳዳው አዙረው፣ ጭራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ሳይንቀሳቀሱ ክንፋቸውን ብቻ ያርገበግባሉ። ከእነሱ ወገን የሚመጣው ነፋስ የሸተተኝ ምን ይመስላችኋል? ጠጅ ሳር!

ሽማግሌው ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምተው በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ሣጥኑን አዩ፣ እኔን ከጠረጴዛው ሥር አዩ፣ ከዚያ አንዱን ብልቃጥ አንስተው ከፈቱና አሸተቱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ ሳቃቸው ሲበርድላቸው። «እኔ ባዶ ቀፎ አዘጋጅቼ መንጋ ልጠራ ስፈልግ ውስጡን የምቀባው በምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«በምን፣ አባባ?»

«በሰምና በጠጅ ሳር።»

ነገሩን ያብራሩልኝም እሳቸው ናቸው፤ የተረፈውን ራሴ አንብቤ ደረስሁበት። ሠራተኛ ንብ ጭራዋ አጠገብ ናሶኖቭ የሚባል ዕጢ አላት፤ ጭራዋን ሰቅላ ክንፏን ስታርገበግብ ከዚያ ዕጢ የሚወጣውን ሽታ «ወዲህ ነው ቤታችን» እያለች ለእህቶቿ መበተኗ ነው። ሽታው ከተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች መካከል ሲትራል ይገኝበታል፤ ያው በማንጠሪያዬ ጫፍ ስለቅመው የኖርሁት ሲትራል። ሣጥኔም ቢሆን ራሱን የቻለ ወጥመድ ነበር፤ ንብ ለቤትነት የምትመርጠው ባዶ ቦታ 40 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ መግቢያው ጠበብ ያለ ነው። 50 በ40 በ20 ሲባዛ ስንት እንደሚመጣ ማስላቱን ለእናንተ ልተወው።

ሲመሽ ሁሉም ገብተው ስለነበር ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈን ሣጥኑን ወደ ማሳው ጥግ ወሰድነው። ሽማግሌው ሣጥኑን ሊገዙኝ ጠየቁ፤ የተፈጥሮ መድኃኒት ነጋዴ ሆኜ ስኖር ደንበኛ በራሱ ክንፍ በርሮ ሲመጣልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው ብዬ እንቢ አልሁ። በምትኩ 20 ብልቃጥ ቅባት ለባዶ ቀፎዎቻቸው ገዙኝ፤ ውጤቱ የተረጋገጠ ብቸኛው ምርቴ እሱ ሆነ። ባለቤቴ በዚያው ምሽት ጥቁሩን ብዕር አንስታ በቀሩት ብልቃጦች ላይ «በራሪ ነፍሳትን ሁሉ» የሚለውን እየሰረዘች «ትንኝን» ብላ ጻፈች። «ሌሊቱን ሙሉ» የሚለውን ልትሰርዝ ስትል ግን እጇን ያዝሁ፤ አንድ ቃል ለክብሬ ይቅርልኝ ብዬ ለመንኋት።

በሳምንቱ እኒያ ራሰ መላጣ ሰው ተመልሰው መጡ። ገና ከሩቅ ሳያቸው ብድግ ብዬ፣ ስለ ንቦቹ ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ከናሶኖቭ ዕጢ ጀምሬ ልዘረዝርላቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«የንቦቹስ ይሁን፤ እነሱ ጨዋ ናቸው፤ አልነደፉኝም» አሉኝ። ከዚያም ብልቃጡን ከኪሳቸው አውጥተው «ሌሊቱን ሙሉ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉና አናታቸውን ጎንበስ አድርገው አንዲት ቀይ እብጠት አሳዩኝ። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቴን አይቻለሁ።»

ዞር ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ጥቁሩን ብዕር ከፍታ ቆማ ነበር።