ሃይላንዱን የደፋሁበት ምሽት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሴቶች መጠለያ የማታ ተረኛ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። በክረምት ምሽት፣ ለዓመታት በረንዳ ያደሩ አንዲት እናት መጡ። በፌስታል ከቋጠሩት ልብስ መሃል ግማሽ ሃይላንድ አረቄ አገኘሁ። መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ እያዩኝ ደፋሁት።

«ልጄ፣ ለጠዋት አንድ መለኪያ አስቀሪልኝ። ካላገኘሁ እሞታለሁ» አሉኝ።

«እሞታለሁ» የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። የሱስ ልመና ነው ብዬ አለፍኩት።

ጠዋት ሻይ ሰጠኋቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆውን አፋቸው ማድረስ አቃታቸው። ሻዩ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። በዚያ ብርድ ግንባራቸው በላብ ርሷል። «ሲወጣልዎት ይሻልዎታል» አልኳቸው።

ተረኛ ሳልቀይር ወለሉ ላይ ወድቀው ይንዘፈዘፉ ጀመር። አንዷ ክብሪት ጭራ አፍንጫቸው ሥር አስጠጋች። ሌላዋ ጥርሳቸው መሃል ማንኪያ ልትከት ታገለች። አልከለከልኳቸውም፤ አላወቅሁማ። ለካ በጎን አስተኝቶ፣ አፋቸው ውስጥ ምንም ሳይከቱ መጠበቅ ነበር።

ጤና ጣቢያ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?» ብላ ነው። አረቄውን እንደደፋሁት ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ነው። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን መቃዠት ሊከተል ይችላል፤ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ሕክምና ግን አለው፤ በባለሙያ ክትትል ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል።

ሲነቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊትም ሁለቴ ጥሏቸው ያውቃል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም ጭምር። «ለብርዱ ብቻ የምጠጣ አይምሰልሽ» አሉኝ። «ሌሊት የሚመጣውን ወንድ እንዴት አድርጌ ነቅቼ ልየው?»

አሁን በር ላይ ፌስታል ከመፈተሻችን በፊት እንጠይቃለን። በየቀኑ ይጠጣሉ? መጨረሻ መቼ ቀመሱ? ሲያቆሙ ጥሎዎት ያውቃል? አዎ ያለችን ሴት በዚያው ምሽት ሰው ጨምረን ወደ ሕክምና እንልካታለን። ክልከላው እንዳለ ነው። ያለ ሐኪም ግን ማንንም በአንድ ሌሊት አናስቆምም።

ከሳምንት በኋላ እትዬ ተመለሱ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ጠጡ።

«ነግሬሽ ነበርኮ» አሉኝ።

«ነግረውኝ ነበር፣ እትዬ።»