ፓሪስን ያሳቀው ቻይናዊ

ሰሞኑን ቼን ጂቶንግ የሚባል ሰው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ፉጆው በምትባል የቻይና ከተማ በሚገኘው የመርከብ ሥራ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሮ፣ ፓሪስ በቻይና ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት) ወታደራዊ አታሼ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ወገኖቹ ኑሮ፣ ስለ ጋብቻቸው፣ ስለ ግጥማቸው በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አወጣ። እንደ ጉድ ተቸበቸበ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ፉጆውን ደበደቡ! እሱ ግን መጻፉን አላቆመም።

በጣም የገረመኝ ስለ አንዲት አሮጊት የጻፈው ነው። ያኔ ቻይናውያን ሕፃናትን ለአሳማ ይጥላሉ እየተባለ፣ እነሱን ለማዳን ከፈረንሳይ ልጆች ሳንቲም ይለቀም ነበር። አሮጊቷ ቼንን አየችውና «ይሄ በእኔ ሳንቲም የተገዛው ይሆን እንዴ?» አይነት ነገር አለች። እሱም ደግነቱ የባለቤትነት ወረቀት አልያዘችም ብሎ በቀልድ ያልፋታል። እኔ እዚህ ሥራ ቦታ «አገርህ ምግብ አለ እንዴ?» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል፤ ቀልድ የሚመጣልኝ ማታ አልጋዬ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ቼን አገሩን ያሳምራል። በሱ ብዕር የቻይና ቤት ጭቅጭቅ የለበትም። ቁባት ማስገባትን ሳይቀር ምክንያት ፈልጎለታል። እዚህ ላይ አልተዋጠልኝም።

በ1889 ሶርቦን፣ የፓሪሱ ዩኒቨርሲቲ፣ ንግግር ሲያደርግ በኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው ወጣቱ ፈረንሳዊ ሮማን ሮላን ተቀምጦ ይሰማው ነበር። ሐምራዊ ቀሚሱን፣ ፈገግታውን፣ ጎርናና ድምፁን በማስታወሻው አሰፈረ። ከፈገግታው ሥር ግን ለታዳሚው ንቀት እንዳለው ታዝቧል። አዳራሹ ያጨበጭባል።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ፉኮ ደ ሞንዲዮን የሚባል ፈረንሳዊ «መጽሐፎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ ተነሳ። ቼን ያለ እሱ ልብ ወለድም፣ ስለ ፓሪሶች የሚያሾፍ መጽሐፍም አወጣ። ለእኔ መልሱ ይኸው ነው። ዕዳው ግን መልስ አልነበረውም፤ በ1891 በዚሁ ጣጣ ወደ አገሩ ተጠራ።

አገሩ ገብቶ ቻይናዊውን ደራሲ ዜንግ ፑን የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አስተማረው። ለዚህ ተማሪው ያወራው ፓሪስ ላይ ካሳየው ፊት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ፈረንሳዮች ስለ ቻይና ሥነ ጽሑፍ የሚሉትን ብትሰማ በንዴት ትሞታለህ ነበር ያለው።