አይ.ኤስ.ኤ ካርድ ላለው ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከመግዛታችሁ በፊት

ባሕር ዳር መብራት ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ነው። የላቦራቶሪያችን ፔንቲየም ስሪም አልቀረለትም። አይ.ኤስ.ኤ በሚባለው የድሮ ኮምፒውተር ካርድ ማስገቢያ ላይ የ12 ቢት መለኪያ ካርድ ተሰክቷል። ፕሮግራሙ የዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት፣ ነው፤ የካርዱን አድራሻ፣ ፖርት 300ን፣ በቀጥታ ስለሚያናግር የዩኤስቢ መቀየሪያ ገዝታችሁ ብር አታባክኑ።

ቀላሉን ልጨርስ። የካርዱን የወርቅ ጥርስ በላጲስ ፈግጌ በአልኮል ጠረግሁ፤ የጣና እርጥበት በክረምት አይምርም። የባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ባትሪውን፣ ሲአር 2032፣ ቀየርሁ። አይአርኪው 5ን፣ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን መስመር፣ ባዮስ ውስጥ ለ«ሌጋሲ አይ.ኤስ.ኤ» ያዝሁለት፤ አለዚያ ከአይ.ኤስ.ኤ በኋላ የመጣው ፒሲአይ ካርድ ይወስድበታል።

ያንገበገበኝ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» አለ፣ ግዢ ክፍል ርካሹን መረጠ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ፕሮግራሙም ካርዱን አገኘው፤ ንባቡ ግን ሴንሰሩ ቢነቀልም ቢሰካም 4095 ላይ፣ የ12 ቢት ካርድ ሊያሳይ በሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ተቸነከረ።

አይ.ኤስ.ኤ ለካርዱ አራት ቮልቴጅ ይሰጣል፦ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 5፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 12። የካርዱ ዲጂታል ክፍል በፖዘቲቭ 5 ይሠራል፤ የአናሎግ ክፍሉ ግን ኔጌቲቭ 5ን ይፈልጋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓወር ሰፕላይ ደረጃ፣ ኤቲኤክስ 12ቮ 1.3፣ ይህን መስመር ሰረዘው። ቴስተር አምጡና ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጀምራችሁ በማስገቢያው ቢ ረድፍ 5ኛውን እግር ለኩ። ባዶ ከሆነ ካርዱ አልተበላሸም፤ «ጣሉት» የሚላችሁን አትስሙ።

መፍትሔው ኔጌቲቭ 12ን ወደ ኔጌቲቭ 5 የሚያወርድ 7905 ሬጉሌተር ነው። ጽሑፉ ወደ እናንተ ሲዞር ከግራ ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ ነው። መግቢያውን ከሰማያዊው ሽቦ፣ ከኔጌቲቭ 12፣ አገናኘሁ፤ መውጫውን ወደ ማዘርቦርዱ በሚገባው ባለ20 እግር ሶኬት 18ኛው ባዶ ቀዳዳ፣ የኔጌቲቭ 5 ነጩ ሽቦ በነበረበት። ከመግቢያው ወደ ግራውንድ 2.2፣ ከመውጫው ወደ ግራውንድ 1 ማይክሮፋራድ ታንታለም ካፓሲተር፤ የፖዘቲቭ እግራቸው ወደ ግራውንድ ነው። የፖዘቲቭ 5 አቻውን፣ 7805ን፣ የለመደ ሰው እዚህ ያቃጥላል፦ የ7905 የጀርባ ብረት ግራውንድ ሳይሆን ኔጌቲቭ 12 ነው፣ ኬዙን ከነካ አለቀ። ሚካ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ፣ አድርጉለት። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን አትክፈቱ፣ ሥራው ሁሉ ውጭ ሽቦው ላይ ነው።

ካርዱን ሳትሰኩ አስነሥታችሁ ለኩ፤ ከኔጌቲቭ 4.5 እስከ ኔጌቲቭ 5.5 ካልሆነ አትሰኩት። ለግዢ ክፍል ስትጽፉ ደግሞ «ፓወር ሰፕላይ» ብላችሁ አትተዉት፤ «ነጭ ሽቦ ያለው፣ 20 እግር» ብላችሁ አስምሩበት።