ሰላጣ ዓይን የለውም፦ የታይላንዱን የዶሮ ጥቅል ደሴ ላይ ስሠራ ያበላሸሁትና ያስተካከልኩት

መጀመሪያ ስሠራው ገበታ ላይ የቀረበው የዶሮ መረቅ በሰላጣ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቅጠሉ አፍ ሳይደርስ ከታች ይቀደዳል፣ ግራጫው ሥጋ ሳህን ላይ ይዘረገፋል፣ መረቁ በአንጓ ወርዶ ክርን ላይ ይንጠባጠባል። ቅመሙ መስሎኝ ስንቱን ቀያየርኩ። ለካ ጥፋቱ ያለው ውሃው ላይ ነው። እንጀራ ዓይን ስላለው መረቅ ይጠጣል፤ ወጥ ስንሠራ ሳናስበው የምንተማመነው በዚያ ዓይን ነው። ሰላጣ ዓይን የለውም። ይህችን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሁለት ዶሮ ይተርፈኝ ነበር፤ የዶሮ ዋጋ ደግሞ የሚታወቅ ነው።

ምግቡ መነሻው የላኦስና የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ነው፤ ላፕ ይሉታል። (እንግዳ ፊት «ላብ» ብላችሁ እንዳታቀርቡት።) የተከተፈ ሥጋ፣ ሎሚ፣ በርበሬ፣ የዓሣ ሶስ፣ ናናና ታምሶ የተወቀጠ ሩዝ ነው። እኔ የምሠራው በዝንጅብልና በሶያ ሶስ ስለሆነ የአገሩ ሰው ላፕ ነው ብሎ አይቀበለኝም፤ የታይ ጣዕም ያለው የዶሮ ጥቅል ብንለው ይበቃል። ዶሮው ከዋዜማው ከተዘጋጀ ከሥራ መልስ በ40 ደቂቃ ይደርሳል።

የሚገርመው፣ ብዙው ነገር ወሎ ገበያ ላይ ያለ ነው። የእኛ ትንሿ ሎሚ ታይላንዶች የሚጠቀሙባት ራሷ ናት፤ ትልቁን ቢጫ ሎሚ ፍለጋ ሱፐርማርኬት መሄድ ኪሳራ ነው። በሶብላ የእነሱ ጣፋጭ በሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግን እርጥብ ቅጠሉን ግዙ። ለበርበሬ ማዘጋጃ የሚሸጠው ደረቁ ከገባበት ምግቡ ሽሮ ሽሮ ይላል። የሀበሻ ሽንኩርት ከፈረንጁ ይሻላል፤ ትንሽና ውሃው ያነሰ ነው። ጠጅ ሳር ስትገዙ ከነሥሩ ያለውን ምረጡ፤ የሚበላው የታችኛው ነጭ አንገቱ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ለሻይ ይሁን፣ ጥርስ ውስጥ እንደ ክር ይቀራል። የተዘጋጀ ሚጥሚጣ ጨውና ኮረሪማ ስላለበት ሽታውን ይለውጠዋል። ደረቁን የሚጥሚጣ ፍሬ ራሳችሁ ውቀጡት። የዓሣ ሶስ ደሴ ሱቆች ውስጥ አላገኘሁም፤ በሶያ ሶስና በጨው ተክቼዋለሁ። ይጎድለዋል፣ ግን ይበላል።

ለ4 ሰው የምለካው ይህን ነው፦ አጥንት የሌለው ዶሮ 600 ግራም (ተበልቶ የተዘጋጀ 1.5 ኪሎ ዶሮ ይህን ያህል ይወጣዋል)፣ 5 ትናንሽ የሀበሻ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት አንድ አንጓ የሚያህል ዝንጅብል፣ 1 የጠጅ ሳር አንገት፣ 2 ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ የሚጥሚጣ ፍሬ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የ3 ወይም 4 ሎሚ ጭማቂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሩዝ፣ አንድ እፍኝ የተቆላ ለውዝ፣ አንድ እፍኝ ናናና በሶብላ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 12 ያህል የሰላጣ ቅጠል።

የሀበሻ ዶሮ ጣዕሙ ይበልጣል፤ ችግሩ ዕድሜው ነው። ቄብ ከሆነች ጥሩ። እንቁላል ጥላ የከረመች ዶሮ ግን ሁለት ሰዓት ወጥ ውስጥ እንድትከርም የተፈጠረች ናት፤ ከትፋችሁ ብትጠብሷት ላስቲክ ትሆናለች። ለዚህ ሥራ የፈረንጅ ዶሮ ይሻላል ስል የሚቆጣኝ እንዳለ አውቃለሁ። ደረቱን ብቻ አትጠቀሙ፤ ታፋው ስብ ስላለው አይደርቅም፤ እኔ ግማሽ በግማሽ አደርገዋለሁ። ቤት ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም የሚበላ ከሆነ፣ ወሎ ነውና የማይቀር ነው፣ ዶሮው በማን እጅ እንደታረደ ከመከተፉ በፊት ይነገር። ክርስቲያን ቤት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የለም፤ የሥራ ቀን እራት ማለት ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ነው።

አሁን ወደ አጠባው።

እኔ ዶሮ ማጠብ የተማርኩት ለዶሮ ወጥ ነው። ተበልቶ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ መታጠብ፣ ከዚያም ሎሚና ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ መቀመጥ። ለወጥ ትክክል ነው፤ ሥጋው የያዘው ውሃ ቁሌቱ ውስጥ ይገባል፣ ጊዜም አለው። ይህንኑ አጠባ ለተከተፈ ዶሮ ማድረግ ነው የመጀመሪያው ጥፋቴ። ያውም ከትፌ ካበቃሁ በኋላ ነው ያጠብኩት፤ ሳስበው አሁንም ራሴን ያናድደኛል። ሥጋ በተከተፈ ቁጥር ውሃ የሚይዝ ገጽ ያበዛል፤ ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥም በፍርፋሪው መካከል ያለው ውሃ አይወርድም። ሎሚው ደግሞ ገጹን ነጭ አድርጎ ማብሰል ይጀምራል፤ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ይፈረፈራል እንጂ አይጠበስም። 600 ግራም ሥጋ ነው ብዬ የጣድኩት፣ ሲቀቀል ያንጠፈጠፍኩት ፈሳሽ ተለክቶ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሞላ።

የውጭ አገር የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ጥሬ ዶሮ ጭራሽ አትጠቡ ይላሉ። ምክንያታቸው እውነት ነው፦ የሚፈናጠቀው ውሃ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የሚባሉትን ተሕዋስያን ዕቃው ሁሉ ላይ ይረጫል፤ የሚገድላቸው እሳት ነው፣ ውሃና ሎሚ አይደለም። ግን ምክሩ የተጻፈው ፋብሪካ ጸድቶ ታሽጎ ለሚሸጥ ዶሮ ነው። ግቢ ውስጥ ታርዶ፣ ተነጭቶ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ በእጅ የተበለተውን አትጠቡ የሚለኝን ሰው አልሰማውም። የእኔ መንገድ መካከለኛው ነው፤ በዚህ ድርቅ እላለሁ፦

ዶሮውን ሳይከተፍ፣ በትልቅ ብልቱ እጠቡ። ሎሚና ጨው ካሻችሁ አሹት፣ ግን አትዘፍዝፉት። ቧንቧ ሥር ሳይሆን ሳፋ ውስጥ፣ ሳይንቦጫረቅ። ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍጠፍ፤ በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ ይታበስ፤ ጨርቁ ወዲያው ለቅቅል ይሄዳል። ከዚያ ሳይከደን ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይደር፤ ጠዋት ስትነኩት ገጹ እንደ ወረቀት ደረቅ መሆን አለበት። ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ቀን ይታጠብ፣ በደንብ ይታበስ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እሳት ይንካው። የደሴ ብርድ ፍሪጅ አይደለም። ሳፋው፣ ቢላውና መክተፊያው ሰላጣው ሳይነካቸው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ከሱቅ በረዶ የሆነ ዶሮ ከሆነ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ወንፊት ላይ ይቅለጥ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚነክር ሰው ሾርባውን ከወዲሁ ጀምሯል።

አከታተፉ እንደ ክትፎ ነው፣ በስለታም ቢላ። ከምስር የሚበልጥ፣ ከሽምብራ የሚያንስ። መፍጫ ውስጥ አታስገቡት፤ ይላቁጥና መጥበሻ ላይ እንደ ቂጣ ይጋገራል። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ 30 ደቂቃ ጠንከር ካለ ቢላው አይንሸራተትም።

መጥበሻው ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥጋ ቡናማ መልክና የጥብስ ሽታ የሚያወጣው ደግሞ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። መጥበሻው ላይ ውሃ ተኝቶ እስካለ ድረስ ሥጋው ከመፍላት አያልፍም፤ አንድ ሰዓት ብታማስሉትም ግራጫ ነው። «7 ደቂቃ ጥበሱ» የሚል መመሪያ የጻፈ ሰው የእሳቱን ብርታት እንደ ዋዛ አልፎታል። እኛ ዘንድ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሁሉም እራቱን ሲጥድ፣ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ ምድጃው ቀይ መሆኑን ትቶ ለብ ይላል። አቤት ተብሎ ተብሎ የተለወጠ ነገር ስለሌለ እዚህ ላይ አልደክምም። ቡታ ጋዝ ካለ በእሱ፣ ከሌለ ከሰል። ከሰሉ ሙሉ ፍም እስኪሆን ጠብቁ፣ መስኮት ይከፈት።

ሰፊ ብረት መጥበሻ ብቻውን 3 ደቂቃ ይጋል። ግማሹን ዘይት ጨምሩ፤ ጭስ ሲጀምር 300 ግራሙን ብቻ በትናችሁ አስተኙና እጃችሁን ሰብስቡ። ሁለት ደቂቃ አትንኩት። ከባዱ ትምህርት ይኼ ነበር፤ ቁሌት ማማሰል የለመደ እጅ ዝም ብሎ መቆም አይችልም። ባማሰላችሁት ቁጥር ግን ሥጋው ውሃውን እየለቀቀ መጥበሻውን ያቀዘቅዘዋል። የሚሰማው ድምፅ ይነግራችኋል፦ ጭር ጭር የሚል ከሆነ እየተጠበሰ ነው፤ ቡልቅ ቡልቅ ካለ እየተቀቀለ ነው። ቡልቅ ካለ ሥጋውን በጭልፋ አውጡና ፈሳሹን ለብቻው አድርቁት፤ ሲወፍር መልሳችሁ ቀላቅሉት። ከታች ቡናማ ሲሆን ገልብጡት፣ ሌላ 2 ደቂቃ። ትልቁን ፍርፋሪ ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ሮዝ ካለበት ይቆይ። አውጡና ሁለተኛውን ዙር በቀረው ዘይት ድገሙ። የመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ጥቂት ዘይት ሲቀር፣ ዙሩን ከመድገማችሁ በፊት ነጭ ሽንኩርቱን ለመጣል ያምራችኋል፤ አትጣሉት፣ ያርና ይመራል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጠጅ ሳር የሚገቡት በመጨረሻ ነው፣ ለ1 ደቂቃ። ከዚያ ሥጋው ሁሉ ይመለስ፣ ሶያ ሶሱና ስኳሩ ይግባ፣ መጥበሻው ደርቆ ሥጋው እስኪያበራ ይማሰል።

አውርዱት። ሎሚው እሳት ላይ አይገባም፤ ከፈላ ሽታው ይጠፋል፣ ይመራልም። 5 ደቂቃ በረድ ካለ በኋላ ሎሚውን፣ ሚጥሚጣውን፣ የተከተፈውን ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራችሁ ቅመሱ። ጨውና ሎሚው ትንሽ የበዛ መምሰል አለበት፤ ሰላጣው ያለዝበዋል።

ሩዙን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔም ዘልዬው ነበር፣ ሞኝነት ነው። የቀረውን ፈሳሽ የሚጠጣው እሱ ነው፤ ዓይን የሌለውን ቅጠል የሚያግዘው ብቸኛ ነገር። ጥሬውን፣ ሳይታጠብ፣ በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ ያህል እንደ በሶ ገብስ ታመሱታላችሁ፤ የቆሎ መልክና የፈንዲሻ ሽታ ሲያመጣ አውጡ። ሙቀጫ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይወቀጥ፤ ዱቄት ከሆነ ይለጠፋል፣ ከሸከረ ጥርስ ይሰብራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከመቅረቡ በፊት። ቀድማችሁ ከጨመራችሁት ገንፎ ይሆናል። ናናና በሶብላው በእጅ ተቀንጥሶ፣ ለውዙ ከላይ።

ሰላጣውን በሚመለከት፣ ጥሬ የሚበላ ነገር ስለሆነ በአቸቶ ነክሮ ማውጣት አይበቃም። ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ በሚወርደው በቦርከና ዳር አትክልት በመስኖ እንደሚለማ ሁላችንም እናያለን፤ ወንዙ ምን ይዞ እንደሚወርድም እናያለን። ቅጠል በቅጠል፣ ሁለቱንም ገጽ፣ በወራጅ ውሃ በጣት እሹት። የወስፋት እንቁላል በረኪና አይገድለውም፤ የሚያስለቅቀው ይህ መታሸት ነው። ከዚያ በ5 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና፣ 10 ደቂቃ፤ በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይለቅለቅ። ሁሉንም ካደረጋችሁ በኋላ አራግፉት፣ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ጠቅልሉትና ፍሪጅ አስገቡት። እርጥብ ቅጠል ደረቅ ሥጋን ያበላሻል። የውጩ ሰፊ ቅጠል መራራና ተቀዳጅ ነው፤ የመካከሉ፣ ጎድጎድ ያለው ይመረጥ። ጥሩ ሰላጣ ካልተገኘ በጥቅል ጎመን አቅርቡት፤ ታይላንዶችም ላፕን በጥሬ ጥቅል ጎመን ይበሉታል።

ጠቅልላችሁ አታቅርቡ። ሥጋው በሳህን፣ ቅጠሉ በሳህን፤ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ፣ በአንድ ቅጠል ሁለት የሾርባ ማንኪያ። የሚያጎርስ ሰው ካለ ቅጠሉን ለሁለት ይቁረጠው።

ለጾም በእንጉዳይ ሞክሬዋለሁ፤ ውሃው ከዶሮም ይብሳል፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት መድረቅ አለበት። የተረፈ ሥጋ ያለ ሰላጣው ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ በደረቅ መጥበሻ እስኪጋል አሙቁትና ሎሚውን እንደገና ጠብ አድርጉበት።