ሜትሩ አንገቴ ላይ ካለ አንሺ

ለፎቶ ፕሮጀክቴ መጀመሪያ ለመምህሬ ያስገባሁት ርዕስ «የወሎ ገጽታ» የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ። ካሜራው የተውሶ፣ ጊዜው አንድ ሴሚስተር። እኔ ግን የባቲን ግመሎች፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ላሊበላን፣ የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች፣ የደሴን ጉም፣ ሁሉንም በ12 ፎቶ ልጨርስ ነው። መምህሬ ወረቀቱን አነበበና «ትራንስፖርቱን ማን ይከፍልልሻል?» አለኝ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም። አላስፈለገም።

ባቲን ግን ሞክሬዋለሁ። ሰኞ ገበያው ቀን ሄድኩ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ባቲ። ስደርስ ረፍዷል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፤ የሰው ሁሉ ዓይን በግንባሩ ጥላ ተውጧል። ግመል አነሳሁ። ብዙ ግመል። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ማንም መንገደኛ ከመኪና ወርዶ የሚያነሳቸው ዓይነት ናቸው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ተገናኝቶ የሚገበያይበት ቦታ ነው፤ እኔ ይዤ የመጣሁት አቧራ ነው። አንድ ሰው እንኳ በስሙ አልጠራሁም።

የከበደኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የተበላሸውን ለማስተካከል እስከሚቀጥለው ሰኞ መጠበቅ ነበረብኝ። እንደገና የመኪና ወጪ፣ እንደገና ከክፍል መቅረት። በእግሬ የማልመላለስበት ቦታ የእኔ ፕሮጀክት ሊሆን እንደማይችል የገባኝ ያን ቀን ነው።

ልብስ ሰፊው ጋ የሄድኩት ለፎቶ አልነበረም። የቦርሳዬ ዚፕ ተበላሽቶ ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ከቤቴ አስር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ አንዲት በረንዳ ላይ የሚሰፉ ሽማግሌ አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ በፊታቸው አልፋለሁ፤ ልብ ብዬ አይቻቸው ግን አላውቅም። በእግር የሚረገጥ ሲንገር፣ የከሰል ካውያ፣ ከላይ ለዝናብ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ። ዚፑን እየቀየሩልኝ ሳለ ደብተራቸውን አየሁ። በግራ ገጽ «ለዒድ»፣ በቀኝ ገጽ «ለፋሲካ» ይላል። ከሥሩ ስም፣ ቁመት፣ ወገብ፣ ቀብድ።

2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በአምስተኛው ቀን የካቲት 22 ተከተለው። ዒድ አልፈጥር መጋቢት 21፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ሦስት ሳምንት ልዩነት። ከተማው በሁለቱም በኩል ይጾማል፣ ጋሼ ደግሞ የሁለቱንም ልብስ በአንድ መርፌ ያደርሳሉ። ስለ ወሎ ተቻችሎ መኖር ስንት ንግግር ሰምቻለሁ፤ አዳራሽ ውስጥ ያንቀላፋሁበትም አለ። እዚያ ደብተር ላይ ንግግር የለም። ያለው የወገብ ልክ ነው።

በማግስቱ ያለ ካሜራ ተመለስኩ። ብልህ ሆኜ አይደለም፤ የካሜራው ባለቤት ጓደኛዬ ለሠርግ ወስዶት ነው። ግን ጠቀመኝ። ባዶ እጄን ስለሄድኩ በርጩማ ተሰጠኝ።

ሐሳቤን ስነግራቸው እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ። «ወሎን ስንቱ አንስቶት ሄደ ልጄ» አሉ። የ66ቱ ረሃብ ሲመጣ ልጅ ነበሩ፤ በ77ቱ ጎረምሳ። ሁለቱንም ጊዜ ዓለም ወሎን ያወቀው በፎቶና በፊልም ነው፤ የታየውም አጥንትና የፈጠጠ ዓይን ነው። «እንዲህ ቁጭ ብሎ ሱሪ ሲያሳጥር ያነሳው ግን የለም» አሉና ሳቁ። ቀጥሎ «አብሽሪ፣ ነገ ነይ» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁኝ። ልክ የሚሰጡ ሴቶች ይመጣሉ፤ ፎቶ የማይፈልግ ሰው ይመጣል። እኔ በየመሀሉ «ይቅርታ፣ ላንሳዎት?» እያልኩ ገበያቸውን እንዳልበትን ራሳቸው መላ አበጁ። «ሜትሩ አንገቴ ላይ ካለ አንሺ። ካወረድኩት አንቺም ካሜራሽን አውርጂ።» ደንበኛውን የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ካልተስማማ ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፣ እኔም ቡናዬን እጠጣለሁ፣ ወይም በጾሙ ሰዓት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ክፍል ውስጥ የተማርነው የፈቃድ ፎርም ማስፈረም ነበር። ሁለት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለመምህሬ አስገባሁት እንጂ በረንዳው ላይ ለማውጣት አፈርኩ። ልጆችን ግን፣ ሜትሩ የትም ይሁን የት፣ ወላጃቸው ሳይፈቅድ አላነሳሁም።

በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አጽፋችሁ ያዙ። በዚህ ጊዜ ካሜራ የያዘ ሰው መጠየቁ አይቀርም። እኔ ሁለት ጊዜ አውጥቼዋለሁ።

እቅዱን የሠራሁት ከደብተራቸው ነው። ጨርቁ መቼ ይቆረጣል፣ መቼ ይሰፋል፣ መቼ ይተኮሳል፣ ባለቤቱ መቼ ይወስዳል። የእኔ የክፍል ፕሮግራም በዚያ ዙሪያ ተጣጠፈ እንጂ የእሳቸው ሥራ በእኔ ዙሪያ አልተጣጠፈም። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ 12 ሳጥን አሰመርኩ። ሰባቱ ውስጥ ይኖራል ብዬ የገመትኩትን ፎቶ ጻፍኩ፣ አምስቱን ባዶ ተውኳቸው። ከገመትኳቸው ሰባት ያገኘሁት ሦስቱን ነው። ቢሆንም ወረቀቱ አልከሰረም፤ በየሳምንቱ ምን እንደጎደለኝ እያየሁ ነው የምወጣው።

ብርሃኑ አሠቃየኝ። በረንዳዋ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል የተቀመጠች ናት፤ ከሰዓት በኋላ ጦሳ ፀሐይዋን ቀድሞ ይወስዳታል። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ብቻ ነው። እሱም ሸራው ሥር ሲገባ ሰማያዊ ይሆናል። ፊታቸው ሰማያዊ፣ ጢማቸው ሰማያዊ፣ ነጩ ጨርቅ ሰማያዊ። ነጩን ካሜራው ላይ ለማስተካከል ሞከርኩ፤ ሸራው ሥር ያለው ሲስተካከል መንገዱ ብርቱካን ሆነ። በመጨረሻ ተናደድኩና ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። የሚያምር መሰለኝ። አርቲስት የሆንኩም መሰለኝ።

ጋሼ ስልኬ ላይ አዩትና ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄ የማነው?» አሉ። ለአንድ ልጅ የዒድ ሙሉ ልብስ የሚሆን አረንጓዴ ጨርቅ ነበር። «እናትየዋ ይህን አረንጓዴ ለማግኘት ገበያውን ሁሉ ዞራለች። አንቺ አመድ አደረግሽው።» መልስ አልነበረኝም። ወደ ቀለም ተመለስኩ። የሸራውንም ችግር እየተቅለሰለስኩ ስነግራቸው ብድግ ብለው ጠቀለሉት። «ዝናብ ከሌለ ምን ሥራ አለው? ከመጀመሪያው አትዪኝም ነበር?» ሁለት ሳምንት ከካሜራው ቁልፎች ጋር ስታገል የከረምኩት በገመድ ለሚፈታ ነገር ነው።

ረመዳን ከገባ በኋላ ሥራው ወደ ማታ ዞረ። ከኢፍጣር በኋላ አምፖል ሥር ይሰፋሉ። እናቴ ስለማታምነኝ ወንድሜ እየመጣ ይወስደኝ ነበር። የመጀመሪያው ማታ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ አግድም ጥቁር መስመር ወጣ። ካሜራው ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ፤ የሰው ዕቃ ነው። ችግሩ ካሜራው አልነበረም። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ዙር የሚሄድ ነው፤ እንዲህ ያለ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችን አያየውም፣ ፈጣን ሻተር፣ ማለትም ቶሎ ተከፍቶ የሚዘጋ የካሜራ መጋረጃ፣ ግን ይይዘዋል። ሻተሩን የሴኮንድ አንድ መቶኛ ወይም አንድ ሃምሳኛ ላይ ሳደርገው መስመሩ ጠፋ። በአንድ ሃምሳኛ የሚሰፋ እጅ ይደበዝዛል፤ እሱን ወደድኩት።

አንድ ማታ ኢፍጣር ላይ ደረስኩ። ቴምር ሰጡኝ። ሳምቡሳው ላይ እጄ ሲያመነታ አይተው «ያንቺ በዚህ በኩል ነው፣ ምስር ነው» አሉ። እኔ መጾሜን ነግሬያቸው አላውቅም። ያን ማታ ፎቶ አላነሳሁም። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ የተውኩት።

የዒድ ቀን የፕሮጀክቱ ቁንጮ ይሆናል ብዬ ነበር። አረንጓዴውን ልብስ የለበሰው ልጅ፣ ከሶላት የሚመለሰው ሕዝብ መሀል፣ የጠዋት ፀሐይ ከጎኑ። እናቱ ፈቅዳለች፣ ሰዓቱን ጠይቄያለሁ፣ ቦታ መርጫለሁ። መንገዱ በሰው ሲሞላ ልቤ ቀልጦ የማየውን ሁሉ ማንሳት ጀመርኩ። ልጁ ሲመጣ ሜሞሪዬ ሞልቶ ነበር። የሁለት ሳምንቱን ፎቶ ሳላወርድ ነው የወጣሁት። የቱን ላጥፋ እያልኩ ስርበተበት እናትና ልጅ አለፉ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ መደበቅ አያስፈልግም።

ሰኞ፣ መጋቢት 22፣ እቅዴ ላይ «በረንዳው ዝግ፣ ባዶ ወንበር» ይላል። ዝግ አልነበረም። ልጁ አረንጓዴውን ለብሶ መጥቷል። ሱሪው ረዝሞ ሲሮጥ ይጠልፈው ኖሯል፤ ጫፉ ጭቃ ጠጥቷል። እናቱ ትስቃለች። ልጁ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ጉንጩ በከረሜላ ተወጥሮ፣ እንደ ሹም ወደ ላይ ያያል። ጋሼ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ አራት ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው፣ ጫፉን ያጥፋሉ። ሸራው ተጠቅልሏል። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነው። ስምንት ጊዜ አነሳሁ። አምስተኛው ነው።

የፋሲካው ክፍል ቀለለኝ፤ እዚያ የተቸገርኩት በነጭ ብቻ ነው። ፍሬሙን ነጭ ጨርቅ ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ እየመሰለው ያጨልመዋል፤ የአበሻ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ የሰውየው ፊት ደግሞ ከሰል። መፍትሔው ካሜራው ከሚለው በላይ አንድ ደረጃ ብርሃን መጨመር ነው።

መጨረሻ ላይ 1,140 ፎቶ ነበረኝ። ኮምፒውተር ላይ ስመርጥ ሁሉም ልጆቼ ሆኑብኝ። 60ውን ፎቶ ቤት በትንሹ አሳጥቤ ሳሎን ወለል ላይ በተንኳቸው። እናቴ ቡና እያፈላች ከላይ አየቻቸውና «ይሄ ሰውዬ ፊት የለውም እንዴ?» አለች። ቆጠርኩ። ከመረጥኳቸው 12 ዘጠኙ እጅ ነው። እጅና መርፌ፣ እጅና ክር፣ እጅና ካውያ። ፊት ለፊት ማንሳት ስፈራ ኖሬ፣ ፍርሃቴን «ዝርዝር» ብዬ ነበር የምጠራው። ሁለት እጅ ብቻ ቀረ። ቅደም ተከተሉን በቀን ሳይሆን በጨርቁ ቀለም ደረደርኩት፤ ከአረንጓዴ ተነስቶ እየነጣ ይሄዳል። መሀሉ ላይ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ የተደራረቡበት አለ።

መግቢያውን ስጽፍ ከጋሼ ጋር ተጋጨን። የድሮው ማሽናቸው በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ጠፍቷል፤ አሁን ያለው በዱቤ የተገዛ አሮጌ ነው። እኔ በዚያ ጀመርኩ፤ ጠንካራ መግቢያ ነው። ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ይሄን ካነበበ በኋላ ልብሱን ማን ያየዋል?» አሉ። አወጣሁት። መምህሬ መግቢያው ሳስቷል ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ። ማን ትክክል እንደነበር ከራሴ ጋር እስካሁን እከራከራለሁ። እዚህ የጻፍኩት ጠይቄያቸው፣ «እሺ፣ መሀል ላይ ከሆነ ግድ የለም» ስላሉኝ ነው።

12ቱ ፎቶዎች አንድ ሳምንት ኮሪደር ላይ ተሰቀሉ። ከዚያ የልጁን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ በፍሬም ወሰድኩላቸው። ግድግዳው ላይ፣ ከማሽኑ በላይ ሰቀሉት። በሳምንቱ ሳልፍ ጠሩኝ። ደንበኛ ሁሉ ቆሞ እያየው ይጠይቃል አሉ፤ በዚያው ሥራም እያመጣላቸው ነው። አንድ ነገር ጎድሎታል። እስኪርቢቶ አቀበሉኝ።

«ከሥሩ ‹ሱሪ እናሳጥራለን› ብለሽ ጻፊበት።»

ጻፍኩበት።